ጉንጭ ሲገባ፦ የትኛው ፊለር ለየትኛው ፊት?

«ምነው ከሳሽ? አሞሽ ነበር እንዴ?» አርባ አምስትን የተሻገረች ሴት ይህን ጥያቄ በየሠርጉና በየለቅሶ ቤቱ ትሰማዋለች። ሚዛን ላይ ስትወጣ ግን ኪሎዋ ያው ነው። እንዲያውም ጨምሯል። የቀነሰው ፊቷ ብቻ ነው። ወንዶችም ላይ ይደርሳል፤ አንዳንዱ ጢሙን አሳድጎ ይሸፍነዋል።

ይህን የጎደለ ፊት ዛሬ በመርፌ መሙላት ይቻላል። ፊለር የሚባለው እሱ ነው። ነገር ግን በዚህ ስም የሚጠሩት ነገሮች ብዙ ናቸው፣ ጠባያቸውም ለየቅል ነው። አንዱ በዓመት በዓመት ተኩል ይሟሟል፣ ሌላው ዕድሜ ልክ ይቀመጣል። አንዱ ችግር ቢያመጣ በመድኃኒት ይጠፋል፣ ሌላውን በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አያወጡትም። ብዙ ሰው ክሊኒክ የሚገባው የምርት ስም ይዞ ነው፤ «ጓደኛዬ የተወጋችውን ውጉኝ» ብሎ። እኔ ግን ሁለት ጥያቄ ይዘው እንዲገቡ እፈልጋለሁ። የጎደለው የትኛው ቦታ ነው? የተወጋሁት ነገር ባይስማማኝ መመለስ ይቻላል? ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የመዘንኳቸው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ነው። የጠቀስኳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፦ ጎድሏል ወይስ ላልቷል?

ፊት የሚያረጀው ከላይ ብቻ አይደለም። የዓይን ጉድጓድ አጥንት ይሰፋል። የላይኛው መንጋጋ ወደ ኋላ ይሸሻል። የጉንጭ ስብ በክፍል በክፍል የተቀመጠ ነው፤ ከእነዚህ ክፍሎች በጥልቀት ያሉት ሲሟሽሹ በላያቸው ያለው ሁሉ ድጋፍ ያጣል። ቆዳም ጥንካሬ የሚሰጠውን ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን እያጣ ይሳሳል። ከዓይን ሥር ጥላ ይፈጠራል፤ ከአፍንጫ ጎን ወደ አፍ የሚወርደው መስመር ይጠልቃል፤ በዓይንና በጆሮ መካከል ያለው ቦታ ይጎደጉዳል።

ቤትዎ የሚሞክሩት ቀላል ነገር አለ። መስታወት ይዘው በጀርባዎ ይተኙና ፊትዎን ይዩ። ከዚያ ቁጭ ብለው፣ መስታወቱን ጭንዎ ላይ አድርገው፣ ጎንበስ ብለው ይዩ። ሲተኙ ፊትዎ ጥሩ ሆኖ ጎንበስ ሲሉ ቆዳው የሚንጠለጠል ከሆነ፣ ዋናው ችግር መላላት ነው። ተኝተውም ጉድጓዱ ያው ከሆነ የጎደለ ነገር አለ ማለት ነው። ቀጥሎ የሠላሳ ዓመት ልጅ ሳሉ የተነሱትን ፎቶ ያውጡ። ዛሬ ጥላ ያረፈበት ቦታ ያኔ ብርሃን ነበረው? ያንን ቦታ በጣትዎ ይንኩት። ለሐኪሙ የሚያሳዩት እሱን ነው። ፎቶውንም ይዘውት ይሂዱ።

ይህን ማስቀደሜ ምክንያት አለው። የላላ ቆዳን በፊለር ልወጥር ያለ ሰው ብዙ ሲሪንጅ ይፈጃል፤ መጨረሻው ያበጠ ፊት ነው። ለላላ ቆዳ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ቀለል ላለው ደግሞ ቆዳ የሚያጠብቁ የሙቀት መሣሪያዎች አሉ። ቦቶክስም ከዚህ የተለየ ነው። ጡንቻ ያዝናናል እንጂ ጉድጓድ አይሞላም። ግንባር ሲኮሳተር ለሚፈጠር መስመር ጥሩ ነው፣ ለገባ ጉንጭ ግን ምንም አያደርግም።

ሃያሉሮኒክ አሲድ፦ የሚሟሟው

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጋ ሰው ቢጠይቀኝ መልሴ ይኼ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ለኋላ ያቆየው።

ሃያሉሮኒክ አሲድ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ውሃ ያዥ ነገር ነው። ካርል ማየርና ጆን ፓልመር በ1934 ኒው ዮርክ ውስጥ ያገኙት ከላም ዓይን ነበር። በተፈጥሮው ቆዳ ውስጥ ብዙ አይቆይም፣ በአንድ ሁለት ቀን ይፈርሳል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ሰንሰለቱን እርስ በርስ አስተሳስረው ጄል ያደርጉታል። ማሰሪያው ሲጠነክር ጄሉ ይጠነክራል፣ ቆይታውም ይረዝማል። ሬስቲሌን የተባለው ምርት በ2003 መጨረሻ የአሜሪካውን የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን (ኤፍ ዲ ኤ) ፈቃድ አገኘ። ጁቬደርም በ2006 ተከተለ። ለጉንጭ ተብሎ የተሠራው ጁቬደርም ቮሉማ በ2013 ተፈቀደ። ከሬስቲሌን በፊት በገበያው በብዛት የነበረው ከከብት የሚወጣ ኮላጅን ነው፤ አስቀድሞ የአለርጂ ምርመራ ይጠይቅ፣ በጥቂት ወራትም ይጠፋ ነበር።

የአሁኖቹ ሬስቲሌንና ጁቬደርም ከእንስሳ የሚወጡ አይደሉም፣ ባክቴሪያ በማብላላት ይሠራሉ። ይህን የምጠቅሰው ከሃይማኖት አንጻር «ከምንድን ነው የተሠራው?» ብለው የሚጠይቁ ብዙ ስለሆኑ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ስለ ማንኛውም ምርት ይጠይቁ።

ጥቅሙ ሦስት ነው። ውጤቱ ወዲያው ይታያል። ከስስ እስከ ወፍራም ብዙ ዓይነት ስላለው ለከንፈርም ለጉንጭም የሚሆን ይገኛል። ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ ማጥፊያ ያለው መሆኑ ነው። ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል ኢንዛይም ሲወጋበት ጄሉ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይሟሟል። ቅርጹ ሲበላሽ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ጄሉ ደም ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ደም ሲዘጋ ቆዳን የሚያድነው እሱ ነው።

እንከኑስ? ያልቃል። እንደ ቦታውና እንደ ዓይነቱ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል ይባላል። በኤም አር አይ ሲታይ ግን አንዳንድ ሰው ፊት ላይ ከዚያ በላይ ለዓመታት ቆይቶ ተገኝቷል። ስለዚህ «ዓመት ሞላኝ፣ ልጨምር» ብሎ በልማድ መሄድ አያስፈልግም። መስታወቱ ጎደለ ካላለዎት አይጨምሩ። የሚያሳዝኑት ያበጡ ፊቶች ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚፈጠሩት፤ በአንድ ቀን ስህተት ሳይሆን፣ ያላለቀ ላይ በመጨመር።

አንድ ሲሪንጅ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሚሊ ሊትር ነው። የሻይ ማንኪያ 5 ይይዛል። ስለዚህ «አንድ ሲሪንጅ ፊቴን ይለውጠዋል» ብለው አይጠብቁ፣ «ሁለት ሲሪንጅ ያሳብጠኛል» ብለውም አይፍሩ። በጣም የጎደለ ፊት ሦስትና አራት ሊወስድ ይችላል፤ ግን በአንድ ቀን መሆን የለበትም።

ካልሲየም ሃይድሮክሲላፓታይት፦ ጠንካራው

በንግድ ስሙ ራዲየስ ይባላል። አጥንትና ጥርስ ውስጥ ያለው ማዕድን በጣም ጥቃቅን ሆኖ በጄል ተቀላቅሎ ይመጣል። ጄሉ በወራት ውስጥ ይጠፋል፤ ቅንጣቶቹ ግን ቆዳው የራሱን ኮላጅን እንዲሠራ ይቀሰቅሳሉ። ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ገደማ ይቆያል። ኤፍ ዲ ኤ በ2006 ፈቅዶታል።

ደህና አድርጎ ስለሚደግፍ ለአገጭና ለመንጋጋ መስመር ይመረጣል። ለከንፈርና ከዓይን ሥር ግን አይሆንም፤ ይጓጉላል። ማጥፊያ መድኃኒቱም አይሠራበትም። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ በራጅና በሲቲ ስካን ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ጥርስ ሐኪም ወይም ራዲዮሎጂስት ጋ ሲሄዱ ቢነግሩ ካላስፈላጊ ድንጋጤ ይድናሉ።

ፖሊ-ኤል-ላክቲክ አሲድ፦ ትዕግሥት የሚጠይቀው

ስካልፕትራ የሚባለው ነው። ከሚሟሙ የቀዶ ሕክምና ክሮች ጋር የቅርብ ዘመድ የሆነ ነገር ነው። በዱቄት መልክ ይመጣል፣ በንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፣ በጥልቀት ይወጋል። የዚያን ቀን ፊትዎ የሞላ ይመስላል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ውሃው ይጠጣና የነበሩበት ይመለሳሉ። ብዙ ሰው «ተበላሁ» የሚለው እዚህ ላይ ነው። አልተበሉም። ሥራው ገና መጀመሩ ነው። ሰውነት ቀስ በቀስ ኮላጅን ይሠራል፤ በሁለት በሦስት ወር ለውጡ መታየት ይጀምራል። አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ ወይም ከዚያ ሰፋ አድርጎ ሁለት ሦስት ቀጠሮ ያስፈልጋል። ውጤቱ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ከተወጉ በኋላ ለአምስት ቀን፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ ለአምስት ደቂቃ ማሸት ይታዘዛል። ይህን ማድረግ የማይችል ሰው ባይጀምረው ይሻላል፤ ከቆዳ ሥር ጠጠር የመሰለ እብጠት ሊቀር ይችላል። እሱን ደግሞ በቀላሉ የሚያጠፋ ነገር የለም።

ይህ ምርት ከእኛ ጋር የሚያገናኘው ታሪክ አለው። ኤፍ ዲ ኤ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በ2004፣ ሲፈቅደው ለውበት አልነበረም። ኤች አይ ቪ በደማቸው ላለና የጉንጭ ስባቸው ላለቀ ሰዎች ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ ፀረ-ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። ያኔ ከሚሰጡት አንዱ ስታቩዲን ነበር። ሕይወት አትርፏል፤ የብዙዎችን ጉንጭና የእጅ እግር ስብ ግን በልቷል። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒቱ ቀስ በቀስ እንዲቀር የመከረው በ2009 ነው። በዚያ ዘመን ጉንጩ የገባ ሰው ሁኔታውን ሳይናገር ፊቱ ይናገርበት ነበር። መድኃኒቱ ከተለወጠ በኋላም የጠፋው ስብ ሙሉ በሙሉ አይመለስም። እነዚህ ሰዎች ስለ ፊለር ሲጠይቁ «ቅንጦት» የሚላቸው ሰው ቢያስብበት ደስ ይለኛል። አሜሪካ ለሚኖሩ፦ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ የሆነው ሜዲኬር ከ2010 ጀምሮ በኤች አይ ቪ ሕክምና ምክንያት ፊታቸው ለከሳና በዚሁ ሳቢያ ለድባቴ ለተዳረጉ ሰዎች ወጪውን ይሸፍናል። ሐኪምዎን ይጠይቁ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰፊ ጉድለት ከሃያሉሮኒክ አሲድ ይልቅ ይኼኛው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሙሉ ጉንጭ በጄል ለመሙላት የሚያስፈልገው ሲሪንጅም ወጪውም ብዙ ነው።

የራስ ስብ

ከሆድ ወይም ከጭን ስብ ተስቦ፣ ታጥቦ፣ ፊት ላይ ይወጋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ጉስታቭ ኖይበር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በ1893 ከክንድ ስብ ወስዶ የፊት ጉድጓድ ሞልቷል። የራስ አካል ስለሆነ አለርጂ አያመጣም፣ የያዘው ዕድሜ ልክ ይኖራል። ግን ምን ያህሉ እንደሚይዝ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። አንዱ ግማሹን ያጣል፣ ሌላው አብዛኛውን። መጨረሻው የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። ከዚያም በኋላ ሲወፍሩ ፊትዎም ይወፍራል።

«የራሴ ስለሆነ አደጋ የለውም» የሚለው እምነት ግን መታረም አለበት። እስከ 2015 በሕክምና መጽሔቶች የታተሙ 98 ከፊት መርፌ ጋር የተያያዙ የማየት ችግሮች ሲሰበሰቡ፣ ግማሽ ያህሉን ያደረሰው የራስ ስብ ነበር። ስብ ደም ቧንቧ ውስጥ ከገባ የሚያሟሟው ነገር የለም። ስብ መውሰዱና መውጋቱ ራሱ ቀዶ ሕክምና ነው፤ የሚሠራውም በዚህ የሠለጠነ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም መሆን አለበት።

የማይጠፉት

ቤላፊል ከከብት ኮላጅንና ከማይሟሙ የፕላስቲክ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። በአሜሪካ ፈቃድ አለው፤ አስቀድሞ የቆዳ ምርመራ ይጠይቃል። እኔ ለሚያረጅ ፊት አልመርጠውም። ፊት በየዓመቱ ይለወጣል፣ እሱ ግን የተቀመጠበት ይቀራል። በሃምሳ ዓመት ያማረው በሰባ ዓመት ላያምር ይችላል።

ፈሳሽ ሲሊኮን ደግሞ ምርጫ ውስጥ መግባት የለበትም። ኤፍ ዲ ኤ ፊት ለመሙላት አልፈቀደውም። ዓመታት ቆይቶ ሊያጓጉል፣ ሊያቆስል፣ ቦታውን ለቅቆ ሊሄድ ይችላል። «የማያልቅ ነው፣ ርካሽ ነው» ተብሎ ሰው ቤት ውስጥ የሚወጋ ነገር ካለ እሱ ሊሆን ይችላልና ተነሥተው ይውጡ። ያለ መርፌ በግፊት የሚያስገባ ብዕር መሳይ መሣሪያም አለ፤ ኤፍ ዲ ኤ በ2021 አስጠንቅቆበታል።

ቦታ በቦታ

ከሁሉም በፊት ጉንጭ። ጉንጭ በልኩ ሲሞላ ከዓይን ሥር ያለው ጥላም፣ ከአፍንጫ ጎን የሚወርደው መስመርም አብረው ይቀልላሉ። ስለዚህ «ይህን መስመር ሙሉልኝ» ብለው ሲሄዱ ሐኪሙ ከፍ ብሎ ጉንጭዎን ቢወጋ አይደንግጡ፤ ሥራውን ያውቃል ማለት ነው። እዚህ ወፈር ያለ ሃያሉሮኒክ አሲድ ወይም ካልሲየሙ ይሆናል።

ከዓይን ሥር ስስ ሃያሉሮኒክ አሲድ ብቻ፣ ያውም በጥቂቱ። ቆዳው እዚያ በጣም ቀጭን ነው፤ ከቆዳ በታች ቅርብ ከተወጋ ሰማያዊ ጥላ ይታያል፣ ብዙ ከሆነ ጠዋት ጠዋት ያብጣል። ከዓይኑ ሥር ቀድሞውኑ ቦርሳ ያለው ሰው ባይሞክረው ይሻላል። ደግሞም የብዙዎቻችን ከዓይን ሥር ጥቁረት የቆዳ ቀለም ነው እንጂ ጉድጓድ አይደለም። ቀለምን ፊለር አያነጣም። ጣትዎን አሳርፈው ቆዳውን በቀስታ ወደ ጎን ይሳቡት፤ ጥቁረቱ አብሮ ከሄደ ቀለም ነው።

በዓይንና በጆሮ መካከል ላለው ጉድጓድ ሃያሉሮኒክ አሲድ ወይም ስካልፕትራ። ከንፈር ሃያሉሮኒክ አሲድ ብቻ። አፍንጫና በቅንድቦች መካከል ያለው ቦታ ግን የማየት አደጋ በብዛት የተመዘገበባቸው ናቸው። እዚያ ለውበት ብቻ ብሎ መወጋቱ ለእኔ አይታየኝም።

ስለ ቆዳችን

ጠይምና ጥቁር ቆዳ ከፀሐይ የተሻለ ይከላከላል፤ ጥቃቅን መሸብሸብ ዘግይቶ ይመጣል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ዕድሜን ቀድሞ የሚያሳብቀው የጎደለ ጉንጭና ከዓይን ሥር ያለው ጥላ ነው። ለዚህ ፊለር በእርግጥ ይረዳል። ነገር ግን ቆዳችን ሲበልዝ ወይም ሲቆጣ ጥቁር ምልክት ይተዋል። የመርፌ ቀዳዳ በቀነሰ ቁጥር ይሻላል፤ ካኑላ የሚባለውና ጫፉ ድፍን የሆነው ቀጭን ቱቦ በአንድ ቀዳዳ ብዙ ቦታ ይደርሳልና ስለሱ ይጠይቁ። ቁስልዎ ሲድን የሚያብጥ ከሆነ፣ ኬሎይድ ካለብዎት፣ ይናገሩ። ቆዳ የሚያቀላ ክሬም ይቀቡ ከነበረም አይደብቁ። ብዙዎቹ ስቴሮይድ አላቸው፣ ቆዳን ያሳሳሉ፣ በሳሳ ቆዳ ሥር ፊለሩ ጎልቶ ይታያል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ጄል ደም ቧንቧ ሲዘጋ መጻሕፍቱ «ቆዳው ይነጣል» ይላሉ። ጥቁር ቆዳ ላይ ያ ንጣት በቀላሉ አይታይም። ስለዚህ ሌላ ምልክት ማወቅ ያስፈልጋል። የተወጋውን ቦታ በጣት ተጭነው ሲለቁት ደሙ በሁለት ሴኮንድ ገደማ ካልተመለሰ፣ ከሌላው ጎን ጋር ሲነጻጸር ከዘገየ፣ ቆዳው ቀዝቅዞ መረብ የመሰለ ጥላ ካወጣ፣ የከንፈር ውስጥ ወይም ድድ ከነጣ፣ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ አደጋ ነው። ብዙ ፊለር ውስጥ ማደንዘዣ ስላለ ሕመሙ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። «እስከ ነገ ልየው» አይባልም። ያን ሰዓት ለሐኪሙ ይደወላል። ዓይን ከጋረደ ወይም ካመመ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ዓይን የሚጠብቀው ሰዓት ሳይሆን ደቂቃ ነው። ይህ አደጋ ብዙ ጊዜ አይደርስም። ሲደርስ ግን የወጋዎት ሰው መድኃኒቱ እጁ ላይ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ሁሉንም ይወስናል።

ማን ይውጋኝ?

ከምርት ምርጫ ይልቅ ይኼኛው ይከብዳል። የቆዳ ሐኪም ወይም የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ቢሆን እመርጣለሁ። አሜሪካ ውስጥ በሐኪም ሥር የሚሠሩ ነርሶችም በሕግ ይወጋሉ፤ ጎበዞች አሉ። ዱባይ ከሆኑ ባለሙያውም ክሊኒኩም የጤና ባለሥልጣኑ ፈቃድ ይኑራቸው። አገር ቤት ምርቱ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ይጠይቁ። የፀጉር ቤት፣ የሆቴል ክፍል፣ የጓደኛ ሳሎን የሕክምና ቦታ አይደለም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቢጠይቁ ይኼን ይጠይቁ፦ «ሃያሉሮኒዴዝ አሁን እዚህ ክፍል አለ?» «እናዝዛለን» ካለ ሌላ ቦታ ይሂዱ።

እርጉዝና የምታጠባ እናት ትቆይ። ፊቱ ላይ ብጉር ወይም ቁስል የተቆጣ፣ ምች የወጣበት ሰው ይዳን። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ለሐኪሙ ይንገር፤ በሐኪም የታዘዘውን ግን በራሱ አያቋርጥ። የጥርስ ሕክምና ቀጠሮ ካለ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያራርቁ። ለሠርግ የሚወጋ ሰውም ከወር በፊት ይጨርስ። እብጠትና መበለዝ ቀጠሮ አያከብሩም።

አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ሲሪንጅ ከ600 እስከ 1,000 ዶላር ገደማ መጠየቅ የተለመደ ነው፤ ለውበት ከሆነ ኢንሹራንስ አይከፍልም። በግማሽ ዋጋ የሚያቀርብ ሰው ምርቱን ከየት እንዳመጣው ይናገር። በኢንተርኔት የሚሸጥ አስመሳይ ሞልቷል።

በቀጠሮው ቀን ሳጥኑ ከፊትዎ ይከፈት። ስሙን፣ የሚያበቃበትን ቀን ያንብቡ። አብዛኛው ሳጥን ውስጥ የምርት ቁጥር ያለበት ተለጣፊ ወረቀት አለ፤ አንዱ በፋይልዎ ላይ ይለጠፋል፣ ሌላው የእርስዎ ነው። በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፣ ከሥሩም የት ቦታ ስንት ሚሊ ሊትር እንደተወጉ ይጻፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሌላ ከተማ ሌላ ሐኪም ፊት ቢቀመጡ፣ በምን እንደተሞሉና ሊሟሟ ይችል እንደሆነ ለእሱ የሚነግረው ያ ወረቀት ነው።